የመንዝ ሱፍ ምንጣፍ፦ የሚበላሸው ከቋጠሮው በፊት ነው

ምንጣፍ መቋጠር ከሩቅ ሲታይ ከባድ ይመስላል እንጂ ቋጠሮውን ማንም ሰው በአንድ ከሰዓት ይለምደዋል። የሚያስቸግረው ከዚያ በፊት ያለው ነው፦ ጸጉር መምረጥ፣ ክር ማክረር፣ ድር መወጠር። ከወር በላይ የተደከመበት ምንጣፍ መሬት ላይ ሲዘረጋ አንዱ ጥግ ብድግ ካለ ወይም መሐሉ እንደ ድንኳን ከተነፋ፣ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የተሠራው ገና አንድ ቋጠሮ ሳይታሰር ነው። ስለዚህ እዚያ ላይ ቆየት እንላለን።

የምንጽፈው በሰሜን ሸዋ፣ በደብረ ብርሃንና በመንዝ አካባቢ ከአገር በግ ጸጉር ስለሚሠራው ባለቋጠሮ ምንጣፍ ነው። ከባናና ከዝተት ጋር አይምታታ። ባናና ዝተት ድርና ማግ (ቁልቁል የተወጠረውና አግድም የሚገባው ክር) ብቻ ያላቸው የሽመና ሥራዎች ናቸው። ባለቋጠሮው ምንጣፍ ግን በቆመ ማዕቀፍ ላይ በተወጠረ የጥጥ ድር ይሠራል፤ እያንዳንዷ የሱፍ ክር በእጅ ታስራ፣ ጫፏ ተቆርጦ እንደ ሣር ወደ ላይ ትቆማለች። መንዝ ሱፍ ሲፈተልበት የኖረ አገር ስለሆነ ግማሹ ሙያ በየቤቱ አለ። እናቶች በእንዝርት የሚያወጡትን ክር ያየ ሰው ይህን አይክድም።

አስቀድማችሁ ስሌቱን ሥሩ። ለጀማሪ የምንመክረው ልክ 1 ሜትር በ1.5 ሜትር፣ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ 20 ቋጠሮ ወደ ጎን፣ 20 ረድፍ ወደ ላይ ነው። ይህ ማለት በአንድ ረድፍ 200 ቋጠሮ፣ በጠቅላላው 300 ረድፍ፣ ድምሩ 60,000 ቋጠሮ ነው። አንዷ ቋጠሮ መቆረጫዋን ጨምሮ 4.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ክር ትበላለች፤ ስለዚህ 2,700 ሜትር የሱፍ ክር ይፈለጋል። ክራችሁ በኪሎ 600 ሜትር የሚወጣው ከሆነ 4.5 ኪሎ ይሆናል። ይህን ለማወቅ ሚዛን ላይ 6 ሜትር ክር አስቀምጡ፤ 10 ግራም ከመዘነ ልክ ነው። 13 ወይም 14 ግራም ከመጣ ክሩ ወፍራም ነውና ረድፉ በ10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ 20 ጊዜ አይገባላችሁም። ጸጉሩ ሲታጠብና ሲነደፍ ብዙ ስለሚቀንስ 4.5 ኪሎ ክር ለማግኘት ከ7 ኪሎ በላይ ያልታጠበ ጸጉር ያዙ። ከአንድ የመንዝ በግ በአንድ ጊዜ የሚሸለተው ብዙ ጊዜ ከኪሎ በታች ስለሆነ፣ ለአንዲት ትንሽ ምንጣፍ ከአሥር በግ በላይ ትፈልጋላችሁ ማለት ነው።

የመንዝ በግ ሁለት ዓይነት ጸጉር አለው፤ ከላይ ረጅምና ሻካራ፣ ከሥር አጭርና ለስላሳ። ለሹራብ የሚያስጠላው ሻካራነቱ ለምንጣፍ በረከት ነው፤ ሲረገጥ ተመልሶ ይቆማል። ለስላሳ ሱፍ ግን በጫማ ሥር እንደተኛ ይቀራል። ከአዋሲ የተዳቀሉት በጎች ጸጉርም ለዚህ ሥራ ጥሩ ነው፤ አዋሲ ራሱ በመካከለኛው ምሥራቅ የታወቀ የምንጣፍ ሱፍ በግ ነው። ጸጉር ስትገዙ ከትከሻና ከጎን የተሸለተውን ምረጡ። የሆድ፣ የእግርና የጭራ አካባቢ ጸጉር አጭርና ቆሻሻ ስለሆነ ለይታችሁ አስቀምጡት፤ ለትራስ መሙያ ይሆናል። አንድ ዘለላ ይዛችሁ በሁለት እጅ ሳቡት፤ ከመሐል ከተበጠሰ በጉ ታሞ ወይም ተርቦ ከርሟልና አትግዙት። ርዝመቱም ቢያንስ 7 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ከዚያ ያጠረ ሲፈተል ይያያዛል፤ ምንጣፉ ላይ ግን በየመጥረጉ እየተነቀለ ይወጣል።

ሌላው ጠላት በጸጉሩ መሐል የሚገኘው ነጭ፣ ደረቅና ተሰባሪ ጸጉር ነው። ሲነኩት እንደ ገለባ ነው። ቀለም አይቀበልም፤ በቀይ ክር መሐል እንደ ሽበት ብቅ ብሎ ይታያል። በእጅ ለቅሞ ከማውጣት በቀር መላ የለውም። ከእግርና ከጭራ የመጣው ጸጉር ውስጥ ስለሚበዛ፣ መለየቱ በደንብ ከተሠራ ለቀማው ይቀልላል።

ለማጠብ ጸጉሩን በቀዝቃዛ ውኃ አሳድሩት፤ አፈሩ ይወርዳል። በማግሥቱ እጅ በሚችለው ሙቅ ውኃና በጥቂት ሳሙና ወደ ታች እየተጫናችሁ አጥለቅልቁት። አታሹት። ሙቅና ሳሙናማ ሱፍ ሲታሽ፣ ወይም ከሙቅ ውኃ በድንገት ወደ ቀዝቃዛ ሲገባ፣ እርስ በርሱ ተያይዞ ይጠጥራል፤ ከዚያ በኋላ ማንም ነዳፊ አይፈታውም። ማለቅለቂያው ውኃ ከማጠቢያው ጋር የተቀራረበ ሙቀት ይኑረው። በጥላ ሥር፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ አድርቁት፤ ከዚያ ንደፉት። ደጋን ያለው በደጋን፣ የሌለው ባለሽቦ ማበጠሪያ ጥንድ ይጠቀም። ጥሩ የተነደፈ ሱፍ ወደ ብርሃን ሲያዩት ጓል የለውም።

ፈትሉ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ክሩን ከልክ በላይ በማክረር ነው። ለባና የሚሆነው ጠንካራ ክር ለቋጠሮ አይሆንም። የቋጠሮ ክር ጫፉ ሲቆረጥ መፈታትና እንደ አበባ መከፈት አለበት። ከመጠን በላይ የከረረ ክር ሲቆረጥ እንደ መርፌ ቆሞ ይቀራል፤ ምንጣፉ ሲረገጥ ይቆረቁራል፤ በቋጠሮዎቹ መሐልም መሠረቱ ይታያል። ላላ ብሎ የተፈተለው ደግሞ ይረግፋል። መፈተኛው ቀላል ነው። ክሩን ወደ ቀኝ ፈትላችሁ ሁለቱን ወደ ግራ አክርራችሁ ካጠፋችሁ በኋላ፣ አንድ ክንድ ያህሉን በሁለት እጅ ይዛችሁ አርግቡት። ቁልቁል ተንጠልጥሎ ዝም ካለ ሚዛኑ ልክ ነው፤ በራሱ ላይ ከተጠመዘዘ ወይ ፈትሉ ወይ እጥፉ በዝቷል። ፈታዮቹ ብዙ ከሆኑ የእያንዳንዳቸውን ልቃቂት ለይታችሁ አስቀምጡ፤ የእጅ ውፍረት እንደ ሰው ይለያያል። የአንዲቷን ፈታይ ክር በአንድ ቦታ ብቻ ከጨረሳችሁ ምንጣፉ ላይ ዝንጉርጉር መስመር ይወጣል፤ እያቀያየራችሁ ስሩ።

ከቀለም በፊት በጉ ራሱ የሰጠውን ተመልከቱ። ነጭ፣ ጥቁር፣ ቡናማ፣ ዳለቻና ቡላ ያለ አንዳች ማቅለሚያ አምስት መልክ ይሰጣሉ። ፀሐይ አያስለቅቃቸውም ባይባልም ውኃ አያስለቅቃቸውም፤ በእኛ ግምት ከየትኛውም ዱቄት ቀለም ይልቅ ያምራሉም። ጥቁር በግ ጫፍ ጫፉን ፀሐይ ስለሚያቀላው ከተነደፈ በኋላ ቡናማ ይመስላል፤ ንጹሕ ጥቁር ከፈለጋችሁ ጫፉን ቆርጣችሁ ንደፉ።

ማቅለም ካስፈለገ ለሱፍ የተሠራ ቀለም ግዙ፤ የጥጥ ቀለም ሱፍ ላይ ጸንቶ አይቆይም። ለ1 ኪሎ ክር ከ20 እስከ 30 ግራም ቀለም፣ ከ25 እስከ 30 ሊትር ውኃ፣ ግማሽ ሊትር አቼቶ ይበቃል። ክሩን አስቀድማችሁ በውኃ አርሱት፤ ደረቅ ክር ድስት ውስጥ ከገባ ይዥጎረጎራል። ለብ ባለው ቀለም ውስጥ ጨምሩና በ40 ደቂቃ ውስጥ ቀስ በቀስ ወደ መፍላቱ አቅርቡት፤ አይንተክተክ። አቼቶውን በሁለት ጊዜ ጨምሩ፤ አንድ ጊዜ ከተጨመረ ቀለሙ መጀመሪያ ያገኘውን ክር ይዞ ሌላውን ይተወዋል። 45 ደቂቃ ከቆየ በኋላ እዚያው ድስቱ ውስጥ ይቀዝቅዝ። ውኃው ጠርቶ ከታየ ቀለሙ ክሩ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ከዕፅዋት ለመሥራት የሽንኩርት ልጣጭና የመቅመቆ ሥር ጥሩ ናቸው፤ ክሩ ግን በፊት ቀለም በሚያስይዘው ጨው፣ በአሉም (ለ1 ኪሎ ክር 120 ግራም ያህል) መቀቀል አለበት። እርድ አታስቡ፤ በመስኮት ፀሐይ ወዲያው ይጠፋል። የማቅለሚያ ድስት ዳግም ወጥ አይሠራበትም። አንዱን ቀለም ለሙሉው ምንጣፍ የሚበቃውን ያህል በአንድ ጊዜ አቅልሙ፤ ሁለተኛው ድስት የቱንም ያህል ብትጠነቀቁ አንደኛውን አይመስልም።

ቀለም የሚለቅ ክር ምንጣፍ ውስጥ እንዳይገባ እርጥብ ነጭ ጨርቅ ላይ አጥብቃችሁ ፈትጉት። ጨርቁ ከቀላ ክሩን መልሳችሁ አለቅልቁ። አንድ ጊዜ ከተቋጠረ በኋላ ቀዩ ወደ ነጩ ቢሄድ መመለሻ የለውም።

አሁን ማዕቀፉ። ሁለት ቋሚ፣ ከላይና ከታች ሁለት አግዳሚ ነው። በእኛ አገር እንጨት ሲባል መጀመሪያ የሚመጣው ባሕር ዛፍ ነው፤ እርጥብ ባሕር ዛፍ ግን ሲደርቅ ይጣመማል። አግዳሚው በ1 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢጎብጥ የመሐሉ ድር ይላላል፤ የዳሩ ይጠብቃል፤ መሐሉ የተነፋ ምንጣፍ የሚመጣው ከዚህ ነው። ቢያንስ አንድ ዓመት ጥላ ውስጥ የደረቀ እንጨት፣ 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው፣ ወይም ወፍራም የብረት ቱቦ ተጠቀሙ። የላይኛው አግዳሚ በሁለቱም ጫፍ በሽብልቅ ወደ ላይ እንዲገፋ አድርጋችሁ ሥሩት። የድሩን ውጥረት የምታስተካክሉት በሽብልቁ ነው።

ድሩ የፋብሪካ ጥጥ፣ ብዙ ቀጭን ክር በአንድ ላይ የከረረ ይሁን። በጣት ይዛችሁ በኃይል ስትስቡት መለጠጥ የለበትም። የሱፍ ድር የሚጠቀሙ አሉ፤ ለጀማሪ አንመክርም፤ ይለጠጣል፤ ረድፉ ተመትቶ በሚጠብቅበት ባለጥርስ ማበጠሪያ ምትም ይሸረፋል። አንድ ቋጠሮ ሁለት የድር ክር ስለሚይዝ ለ200 ቋጠሮ 400 ክር፣ ለግራና ለቀኝ ዳር አራት አራት ተጨምሮ 408 ይሆናል። ለ1.5 ሜትር ምንጣፍ እያንዳንዱ ክር 2.3 ሜትር ይሁን፤ የቀረው ለማሰሪያና ለዘርፍ ነው። በጠቅላላው ወደ 940 ሜትር ይፈጃል። አግዳሚዎቹን በየ10 ሴንቲ ሜትሩ በእርሳስ ምልክት አድርጉና በእያንዳንዱ ክፍል 40 ክር አስገቡ። ክሩን በላይኛውና በታችኛው አግዳሚ ላይ በስምንት ቁጥር ቅርጽ አዙሩት፤ የፊትና የኋላ ክሮች በተራ የሚለዩት በዚህ መስቀለኛ መንገድ ነው። ድሩን የሚያዞረው ሰው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ይሁን፤ ሰው ሲቀያየር የአሳሳብ ኃይሉ ይቀየራል።

ሲያልቅ ሽብልቁን ምቱና ድሩን እንደ ክራር በጣት ንኩት። ከግራ ወደ ቀኝ ስትሄዱ ድምፁ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። የሚያጉረመርም ወፍራም ድምፅ ያለበት ቦታ ላልቷል። እዚያ ላይ ያሉትን ክሮች ፈትታችሁ እንደገና ሳቡ፤ ሽብልቁን በመምታት አንድን የላላ ክር ማዳን አይቻልም፤ ሁሉም አብሮ ይጠብቃል። የጥጥ ድር በእርጥብ ጠዋትና በደረቅ ቀትር አንድ ዓይነት ውጥረት ስለሌለው ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ፈትሹ። ይህ ሥራ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ አትቸኩሉበት።

ከታች ስትጀምሩ ድሩን በሁለት ክር እየጠለፋችሁ አንድ መስመር አስኪዱ፤ ይህ ክሮቹን እኩል ያራርቃቸዋል። በላዩ 3 ሴንቲ ሜትር በማግ ብቻ ሽመና ሥሩ። ይህ የሌለው ምንጣፍ ከጫፉ ቋጠሮው መፈታት ይጀምራል።

ቋጠሮው የቱርክ የሚባለው ነው። ክሩን በሁለት ድር ፊት ለፊት አሳልፉት፤ ግራውን ጫፍ በግራው ድር ዙሪያ ወደ ኋላ፣ ቀኙን ጫፍ በቀኙ ድር ዙሪያ ወደ ኋላ መልሳችሁ ሁለቱንም በድሮቹ መሐል ወደ ፊት አውጧቸው። ጠበቅ እስኪል ወደ ታች ሳቡ፤ ቁረጡ። እ.ኤ.አ. በ1949 በሳይቤሪያ አልታይ ተራራ በበረዶ ውስጥ በተገኘውና ዕድሜው ወደ 2,400 ዓመት በሚገመተው የፓዚሪክ ምንጣፍ ላይ ያለውም ይኸው ቋጠሮ ነው፤ ልዩነቱ እነዚያ ሰዎች በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ውስጥ 36 ያህል ሲቋጥሩ እኛ 4 መቋጠራችን ነው። የፋርስ የሚባለው ቋጠሮ አንዱን ድር ሙሉ ዞሮ በሌላው ሥር ብቻ ያልፋል፤ ለቀጭን ክርና ለረቂቅ ሥዕል ይመቻል። ለመንዝ ወፍራም ክር ግን የቱርኩ አጥብቆ ይይዛል።

ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። አንደኛ፣ ክሩን ሁልጊዜ ወደ ታች ሳቡ፤ ጸጉሩ የሚተኛበት አቅጣጫ የሚወሰነው በዚህ ነው። አንዷ ሠራተኛ ወደ ታች፣ ሌላዋ ወደ ጎን ብትስብ ምንጣፉ በብርሃን ሁለት ቀለም ይመስላል። ሁለተኛ፣ ድር እየዘለላችሁ ወይም ሦስት ድር በአንድ ላይ እየያዛችሁ እንዳትሄዱ በየረድፉ መጨረሻ ንድፉን ቁጠሩ። በካሬ ወረቀት ላይ አንድ ካሬ አንድ ቋጠሮ ነው፤ የላሊበላ መስቀል፣ የአክሱም ሐውልት ወይም አንበሳ ብትሥሉ ያው ነው። መስቀሉ አንድ ካሬ ወደ ቀኝ ሸሽቶ ካያችሁት ስህተቱ ሦስት ወይም አራት ረድፍ ወደ ኋላ ነው። ወዲያው ፍቱ። እየተሸፋፈነ የሚሄድ አይደለም።

ረድፉ ሲያልቅ ማግ ሁለት ጊዜ ይገባል፤ አንድ ጊዜ በፊተኞቹና በኋለኞቹ ክሮች መሐል፣ ቀጥሎ ክሮቹ ተገላብጠው። እዚህ ላይ ነው ብዙ ምንጣፍ ወገቡ የሚቀጥነው። ማጉን ቀጥ አድርጋችሁ ከሳባችሁት ሲመታ ድሩን ወደ መሐል ይጎትታል፤ 1 ሜትር የተጀመረው 94 ሴንቲ ሜትር ላይ ያልቃል። ማጉን በሦስት ትናንሽ ኮረብታ አስኪዱት፤ እያንዳንዱ ከፍታ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል፤ ለ1 ሜትር ስፋት 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ትርፍ ይሰጣችኋል። ከዚያ በማበጠሪያው ከመሐል ወደ ዳር ምቱ። ልክ 1 ሜትር የሆነ ዱላ አጠገባችሁ አስቀምጡና በየ10 ረድፉ ስፋቱን ለኩ። በዚያው ጊዜ ከፍታውንም ለኩ፤ 10 ረድፍ 5 ሴንቲ ሜትር መሆን አለበት። 5.5 ከሆነ ምቱ ላልቷል፤ ክብ ንድፍ እንቁላል ይሆናል። 4.5 ከሆነ ደግሞ ክቡ ይጨፈለቃል፤ ክርም ይበላል።

ዳሩ ላይ ያሉትን አራት ክሮች በወፍራም ሱፍ በየረድፉ ሁለት ሁለት ጊዜ ጠምጥሙ። ቋጠሮ ስለሌለበት ዳሩ ከመሐሉ ዝቅ ብሎ ይቀራል፤ ካልሞላችሁት ሥራው ሲወርድ ጥጉ ወደ ላይ ይጠቀለላል።

ጊዜውን እወቁት። ጀማሪ በደቂቃ 5 ቋጠሮ፣ በሰዓት 300 ነው። 60,000 ቋጠሮ 200 ሰዓት ማለት ነው፤ ማግና ምት ሲጨመር በቀን 6 ሰዓት ለሚሠራ ከወር ይበልጣል። የለመደች ሴት በደቂቃ 15 ትቋጥራለች። ሥራውን የሚያስረክብ ሰው ከደንበኛ ጋር ቀን ሲነጋገር ይህን አስልቶ ይሁን፤ በችኮላ የተመታ ረድፍ ሁልጊዜ ያስታውቃል። መቀመጫችሁ ሥራው ከፍ ባለ ቁጥር ከፍ የሚል ይሁን፤ እጅ ከትከሻ በላይ ተነሥቶ ቀኑን ሙሉ አይሠራም። ብርሃን ከጎን ይምጣ። ሲነደፍና ሲከረከም አፍና አፍንጫ ይሸፈን።

ሲያልቅ 3 ሴንቲ ሜትር ሽመና ጨምሩ፤ ሽብልቁን ቀስ በቀስ አላሉ፤ ከሁለቱም ወገን በአንድ ጊዜ። ድሩን ቆርጣችሁ አራት አራቱን ክር ከሽመናው ሥር ጠበቅ አድርጋችሁ ቋጥሩት። ክርከማው በሰፊ መቀስ ነው። 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላት ጣውላ ጸጉሩ ላይ አስተኝታችሁ መቀሱን በእርሷ ላይ አስኪዱት፤ በዓይን ብቻ የተከረከመ ምንጣፍ ጉድጓድ ይበዛዋል። መጀመሪያ ረዘም አድርጋችሁ ከርክሙ፤ አጥባችሁ ካደረቃችሁ በኋላ ሁለተኛውን ክርከማ ሥሩ። ያልታጠበ ጸጉር ገና አልተከፈተምና ትክክለኛ ከፍታው አይታወቅም።

እጥበቱ በለብታ ውኃና በለስላሳ ሳሙና፣ ጸጉሩ ወደሚተኛበት አቅጣጫ ብቻ። ውኃውን በጣውላ ጠርዝ እየገፋችሁ አውጡት፤ አትጭመቁት። ገመድ ላይ አይሰቀል፤ ክብደቱ ድሩን ያጣምመዋል። ጠፍጣፋ ቦታ ላይ በጥላ ሥር ይድረቅ። ጥጉ አሁንም ብድግ የሚል ከሆነ፣ እርጥብ ሳለ ጀርባውን ወደ ላይ አድርጋችሁ ጠርዙን በምስማር ጣውላ ላይ ወጥሩትና እዚያው ይድረቅ። ትንሽ መጣመምን ያቃናል፤ ከድር የመጣውን ትልቁን ግን አያቃናም።

ለምንጣፉ ባለቤት የምትነግሩት ይህን ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ጸጉር ይረግፋል፤ አይደንግጡ። በጸጉሩ አቅጣጫ ይጥረጉ። ብል የሚወደው ጨለማና ያልተነካ ቦታ፣ በተለይ አልጋ ሥር ያለውን ጥግ ነው፤ በየሁለት ወሩ ገልብጠው ጀርባውን ይጥረጉ፤ ለጥቂት ሰዓት ፀሐይ ያስመቱት። ለማስቀመጥ ሲፈልጉ አያጥፉት፤ ደረቅ መሆኑን አይተው ይጠቅልሉትና በነጠላ ወይም በአቡጀዲ ይሸፍኑት፤ በፕላስቲክ አይሆንም።